ሲግናል ግሩፕ ውስጥ ላለኸው ወንድሜ



ከፒያሳ እስከ አዘዞ፣ ከማራኪ እስከ አዲስ ዓለም፣ ወጣት ሰብሰብ ባለበት ካፌ ቁጭ ብለህ ጆሮህን ብትጥል ወሬው ብዙም ሳይቆይ ትሬዲንግ ላይ ያርፋል። ዩኤስዲቲ ዛሬ በስንት ነው? ቢትኮይን ሊወርድ ነው ወይስ ሊወጣ? «ሎንግ ነኝ»፣ «ሾርት ነኝ»፣ «ትናንት ሌሊት ሊኩዊዴት ሆንኩ»። ቃሉን የማያውቅ ሽማግሌ አጠገባቸው ቢቀመጥ ልጆቹ ስለ በሽታ የሚያወሩ ይመስለዋል።

ይህ ልጅ መስጂድ ሄዶ ቢጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ቁማር ነው፣ ተወው»። ቴሌግራም ላይ ቢጠይቅ ደግሞ የሚያገኘው «ኡስታዝህ ቻርት አያውቅም» የሚል ነው። ልጁ በሁለቱ መካከል ይቆምና ስልኩን ይከፍታል። እኔ የሁለቱንም ወገን መልስ አልወደድኩትም። አንደኛው አያስረዳም፣ ሁለተኛው ይሸጣል። የዋጋ መዋዠቅን በሳይንስ ያጠኑ ሰዎች ግን 60 ዓመት ያለፈው ሥራ አላቸው፤ ያገኙትም ነገር ሲግናል ሻጩ ከሚነግርህ ጋር አይገጥምም። ዛሬ ስለዚያ ላውራህ።

በመጀመሪያ ግን ልወቅስህ አይደለም የመጣሁት። ዲግሪህን ይዘህ ሥራ አጥተሃል፣ ሱቅ ለመክፈት የኪራይ ቅድሚያ ክፍያው ብቻውን ያደክማል፣ ወደ መተማ ወርዶ መነገድም የመንገዱ ነገር እንደምታውቀው ነው። ከዓለም ጋር የሚያገናኝህ በር ስልክህ ሆኗል። በ2016 ክረምት ሐምስተር ኮምባት ሲመጣ ጣታችን እስኪደነዝዝ የደበደብነውም ለዚህ ነው። መስከረም 16 ቀን 2017 ያ ሁሉ ድብደባ በገንዘብ ሲተመን ለብዙው ሰው የደረሰው የጥቂት ዶላር ነገር ነበር። ያ ግን ቢበዛ ጊዜህን ነው የበላው። አሁን የምናወራው ስለ ራስህ ብር፣ አንዳንዴም ስለ እናትህ ብር ነው።

የዋጋ መዋዠቅ ለእኛ አገር ሰው አዲስ ነገር አይደለም። አያቶቻችን በአሞሌ ጨው ሲገበያዩ በአንድ ማርትሬዛ የሚገዛው የአሞሌ ብዛት ከቦታ ቦታ፣ ከወር ወር ይለያይ ነበር። ከአፋር የጨው ሜዳ በራቀ ቁጥር አሞሌ ይወደዳል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ተከዜ ይሞላል፣ ሲራራው ይቆማል፣ ጨውም እርጥበት ይበላዋል፤ የተሰበረ አሞሌ እንደ ሙሉው አይቆጠርም። የጎንደር ሙስሊም ነጋዴ፣ መሬት እንዳይዝ ተከልክሎ ከ1660ዎቹ ጀምሮ በአዲስ ዓለም ሰፈር ለብቻው እንዲኖር በተደረገበት ዘመን ሳይቀር፣ ኑሮውን የመሠረተው በዚህ ዋዣቂ ገበያ ላይ ነው። ወደ ምጽዋም ሆነ ወደ ስናር ሲወርድ ያለውን ሁሉ በአንድ ዕቃ አይጭንም ነበር። ዝባድ አለ፣ ዝሆን ጥርስ አለ፣ ቡና አለ፣ ወርቅ አለ፤ አንዱ ቢረክስ ሌላው ያወጣዋል።

ሩቅ ሳንሄድ ሰሊጥን ውሰድ። የመተማና የሁመራ ሰሊጥ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሲታጨድ ገበያው ይሞላል፣ ዋጋው ይወርዳል፤ የቀን ሠራተኛ መክፈል ያለበት ገበሬ ግን መጠበቅ ስለማይችል ይሸጣል። ማቆየት የቻለው ወራት ጠብቆ በተሻለ ዋጋ ሊሸጥ ይችላል፤ ቻይና ግዢዋን ብትቀንስ ደግሞ ያው ያቆየው ሰው ይከስራል። በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሲቋቋም ከታሰቡት ነገሮች አንዱ ይህንን የዋጋ ጨለማ መግፈፍ ነበር። ወደ ደባትና ደባርቅ ብትወጣም ነጭ ሽንኩርት የዘራ ገበሬ ያውቀዋል፤ አምና በተወደደበት ዓመት ሁሉም ይዘራል፣ ዘንድሮ ይረክሳል። እንግዲህ ዋጋ ለምን እንደሚዋዥቅ ከአያትህ በላይ የሚያስተምርህ የለም። ክሪፕቶን የሚለየው ከጀርባው ዝናብም፣ ተከዜም፣ አጨዳም የሌለበት መሆኑ ነው። ከጀርባው ያለው አብዛኛውን ጊዜ የሌላው ሰው ስሜት ነው። ስሜት ደግሞ ወቅት የለውም።

እ.ኤ.አ. በ1963 ቤኑዋ ማንደልብሮት የሚባል የሒሳብ ሊቅ የጥጥ ዋጋን ሰፋ ባለ ዘመን መረጃ አጥንቶ ነበር። (ጥጥ መሆኑ ለእኛ ለሸማኔ ልጆች ደስ ይላል።) ያገኘው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ በጣም ትላልቅ የዋጋ ዝላዮች በተለመደው የሒሳብ ስሌት ከሚጠበቀው እጅግ በበለጠ ይከሰታሉ። «በመቶ ዓመት አንዴ» የሚባለው ነገር በየጥቂት ዓመቱ ይመጣል። ሁለተኛው፣ ትልቅ እንቅስቃሴን ትልቅ እንቅስቃሴ ይከተለዋል፤ ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች ግን አይታወቅም። እ.ኤ.አ. በ1982 ሮበርት ኢንግል ይህንን መዋዠቅ የሚለካበትን ስሌት አወጣ፤ በ2003 የኖቤል ሽልማት ያገኘበት ሥራ ነው። ከዚያ ወዲህ በአክሲዮንም በክሪፕቶም ላይ የተሠሩ ጥናቶች ይህንኑ ሐሳብ ያጠናክራሉ።

እዚህ ላይ ቆም በልልኝ። ጥናቱ የሚለው ነገ ገበያው ምን ያህል እንደሚናወጥ በመጠኑ መገመት ይቻላል ነው። ወዴት እንደሚሄድ ግን መገመት እጅግ ከባድ ነው። አንተ ያለህበት ግሩፕ የሚሸጥልህ ሁለተኛውን ነው። «ቢትኮይን ዛሬ ማታ ይወጣል፣ ግባ» ይልሃል። ከጥናቱ የሚወጣው ምክር ግን የመጠን እንጂ የአቅጣጫ አይደለም፤ ገበያው ሲናወጥ ያስገባኸውን አሳንስ፣ ሲረጋጋ ትንሽ ጨምር። የሰሊጥ ነጋዴ ዋጋው ባበደበት ሳምንት ሃያ ኩንታል የሚገዛ ከነበረ አምስት ይገዛል። ስም አላወጣለትም እንጂ እየሠራበት ያለው ስልት ይኸው ነው። ግሩፑ ግን የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ገበያው ባበደ ቀን ነው «ዕድሉ አሁን ነው» እያለ በ50 እጥፍ ሌቨሬጅ የሚያስገባህ።

ሌቨሬጅን እናስላው። ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል።

10,000 ብር አለህ እንበል። ዋጋው 20 በመቶ ወጣ፣ 12,000 ሆነ። ከዚያ 20 በመቶ ወረደ። ወደ 10,000 የተመለሰ ይመስልሃል አይደል? 9,600 ነው። ይህ ወጣ ገባ አሥር ጊዜ ቢደጋገም በእጅህ የሚቀረው 6,650 ብር ገደማ ነው። ማንም አላጭበረበረህም፤ መዋዠቅ ብቻውን በላው። ግማሹን ያጣ ሰው ወደነበረበት ለመመለስ 50 ሳይሆን 100 በመቶ ማትረፍ አለበት። ይህ ያለ ምንም ብድር ነው።

አሁን ብድሩን ጨምርበት። ባለ 20 እጥፍ ሌቨሬጅ ማለት በ5,000 ብር የ100,000 ብር ንግድ ያዝክ ማለት ነው። ዋጋው 5 በመቶ በተቃራኒህ ከሄደ 5,000ው አለቀ፤ እንዲያውም ድርጅቱ ከዚያ ቀደም ብሎ ይዘጋብሃል። ቢትኮይን 5 በመቶ መንቀሳቀስ ምኑም አይደለም፤ ቁርስና ምሳ መካከል ይሠራዋል። በኋላ ተመልሶ ቢወጣ አንተ የለህም። ብዙ ልጆች «ግምቴ ልክ ነበር እኮ» ሲሉ የምሰማው ለዚህ ነው። ልክ ነበርክ፤ ግን ልክ መሆንህ እስኪረጋገጥ ድረስ አልቆየህም።

ከዚያ ኮሚሽኑ አለ። ፊውቸር ላይ ወደ 0.05 በመቶ ነው ሲሉህ ትንሽ ይመስላል። የሚሰላው ግን ከ5,000ው ላይ ሳይሆን ከ100,000ው ላይ ነው። ስትገባ 50 ብር፣ ስትወጣ 50 ብር፤ አንዴ ገብተህ ስትወጣ 100 ብር። በቀን አሥር ጊዜ ብትገባ ብትወጣ 1,000 ብር፣ ማለትም ከካፒታልህ አንድ አምስተኛ ሄደ፤ ያውም ሳትሸነፍ። ቦታህን ከፍተህ ካሳደርክ ደግሞ በየስምንት ሰዓቱ የሚቆረጥ ፈንዲንግ የሚባል አለ። በተለመደው 0.01 በመቶ ብናሰላው እንኳ በ20 እጥፍ ሌቨሬጅ ላይ በቀን ከካፒታልህ 0.6 በመቶ፣ በወር 18 በመቶ ይሆናል። አንዳንዴ ለአንተ የሚከፈልበት ጊዜም አለ፤ ብዙው ሰው ይወጣል ብሎ በገባበት ሰሞን ግን ከፋዩ ብዙው ሰው ነው። ከእቁብ ዳኛው በስተቀር የማያወጣበት እቁብ ውስጥ የሚገባ ሰው አይተህ ታውቃለህ?

በመስከረም 30 ቀን 2018 ሌሊት፣ እኛ ጋ እኩለ ሌሊት አካባቢ፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት በቻይና ላይ ተጨማሪ የ100 በመቶ ቀረጥ እጥላለሁ ማለታቸውን ተከትሎ ገበያው ተናደ። ቢትኮይን ከ120,000 ዶላር በላይ ከነበረበት በሰዓታት ውስጥ ወደ 105,000 አካባቢ ወረደ፤ ትናንሾቹ ኮይኖች ደግሞ ግማሽና ከዚያ በላይ ዋጋቸውን ያጡ ነበሩ። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ19 ቢሊዮን ዶላር በላይ በሌቨሬጅ የተያዘ ቦታ በግድ ተዘጋ፤ ከ1.6 ሚሊዮን የሚበልጥ ነጋዴ ነው የተጠረገው። አብዛኛው የእኛ አገር ልጅ በዚያ ሰዓት ተኝቶ ነበር። ለሱብሒ ሲነሳ ስልኩ ላይ ያየው ባዶ ነበር። የትኛው ቻርት ነው የአንድ ሰው ንግግር የት ሰዓት እንደሚወጣ የሚያሳይህ?

የቆየውን ካነሳን በግንቦት 2014 ሉና የሚባለው ኮይን ከ80 ዶላር ገደማ ተነስቶ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሳንቲም በታች ገባ። በዚያው ዓመት መገባደጃ፣ እንደ እኛ አቆጣጠር በኅዳር 2015፣ ኤፍቲኤክስ የተባለው ከዓለም ትላልቆቹ አንዱ የነበረ የክሪፕቶ መገበያያ ከሠረ። እዚያ የነበሩ ሰዎች ስልታቸው ትክክል ሆነ አልሆነ ትርጉም አልነበረውም፤ ገንዘቡን ያስቀመጡበት ቤት ነው የፈረሰው። ከ69,000 ዶላር ከ16,000 በታች የወረደውን ቢትኮይንም ያየነው በእነዚያው ጊዜያት ነው። ቢትኮይን ከዚያ በኋላ ተመልሶ ከዚያም በላይ ወጣ፣ እውነት ነው። ያለ ብድር ይዞ የተቀመጠ ሰው አብሮት ወጣ። በሌቨሬጅ የነበረውስ?

«ጎበዝ ከሆንክ ግን ታተርፋለህ» ትለኛለህ። ይህም ተጠንቷል። በብራዚል በአክሲዮን ፊውቸር የዕለት ንግድ እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 የጀመሩ ግለሰቦች ተከታትለው ተጠንተው ነበር። ከ300 ቀን በላይ ሳያቋርጡ ከቆዩት ውስጥ 97 በመቶው ከሰረዋል። የአገሪቱን ዝቅተኛ ደመወዝ ያህል ያገኙት 1.1 በመቶ ብቻ ናቸው። ልብ በል፣ እነዚህ ሰነፎች አይደሉም፤ ከዓመት በላይ የታገሉ ናቸው፤ ልምድ አላሻሻላቸውም። በታይዋን ከ1992 እስከ 2006 ባለው መረጃ ላይ በተሠራ ጥናት ኮሚሽን ተቀንሶ ሳይዋዥቅ የሚያተርፉት ከመቶ አንድ አይሞሉም። የህንድ የካፒታል ገበያ ተቆጣጣሪ በ2024 ባወጣው ጥናት በሦስት ዓመት ውስጥ በፊውቸርና ኦፕሽን ከነገዱ ግለሰቦች 93 በመቶው ከስረዋል፤ ቁጥራቸው ከአሥር ሚሊዮን በላይ ነው። ክሪፕቶን በተመለከተ የዓለም ማዕከላዊ ባንኮች የጋራ ተቋም የሆነው የባዝል ባንክ የ95 አገሮችን የመተግበሪያ አጠቃቀም አይቶ ከአራቱ ሦስቱ ቢትኮይን ላይ እንደከሰሩ ገምቷል። የባሰው ደግሞ፣ ዋጋው ሲወርድ ትልልቆቹ ሲሸጡ ትንንሾቹ እየገዙ ነበር። ከማን እንደገዙ አንተው ገምት።

የአሜሪካ ጥናትም አለ፣ ትንሽ ያስቃል። ባርበርና ኦዲን የተባሉ ምሁራን ከ66,000 በላይ ቤተሰቦችን ሒሳብ አይተው አብዝቶ የሚገዛና የሚሸጠው ቤተሰብ በዓመት 11.4 በመቶ ሲያገኝ ገበያው ግን 17.9 በመቶ ሰጥቶ እንደነበር አገኙ። በሌላ ጥናታቸው ደግሞ ወንዶች ከሴቶች 45 በመቶ አብልጠው እንደሚነግዱና በዚህም የበለጠ እንደሚጎዱ አሳዩ። እህቶቼ ይህን ለወንድሞቻችሁ አንብቡላቸው።

«ግን የሚያተርፍ ሰው አውቃለሁ፤ መኪና ገዝቷል።» ሊሆን ይችላል። አሥር ሺህ ሰው ሰብስበህ ሳንቲም አስወርውር። በየዙሩ ዘውድ ያልወጣለት ይውጣ። ከአሥር ዙር በኋላ ወደ አሥር የሚጠጉ ሰዎች አሥሩንም ጊዜ ዘውድ አውጥተው ይቀራሉ። እነዚህ አሥሩ ቻናል ይከፍታሉ፣ ኮርስ ይሸጣሉ፣ «ሳንቲም አወራወር ጥበብ ነው» ይሉሃል። የወጡት ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠናዎቹ ቻናል የላቸውም፤ አፍረው ዝም ብለዋል። ጎንደር ውስጥ የከሰረው ልጅ ለአባቱ እንኳን አይናገርም።

ከዚህ የከፋው ደግሞ ሆን ተብሎ የሚሠራው ነው። አንድ ሰው 1,024 ሰው ይሰበስባል። ለግማሹ «ይወጣል»፣ ለግማሹ «ይወርዳል» ብሎ በግል ይልካል። የተሳሳተባቸውን ይተዋቸዋል፤ ለቀሩት 512 እንደገና እንዲሁ። ከአምስት ዙር በኋላ 32 ሰዎች «ይህ ሰው አምስት ጊዜ ተናግሮ አምስቱንም አልሳተም» ብለው ይምላሉ። ለቪአይፒ ግሩፑ የሚከፍሉት እነዚህ ናቸው። «ፓምፕ» የሚባለውም የዚሁ ወንድም ነው፤ ማንም የማያውቀውን ኮይን አስተዳዳሪው ቀድሞ ይገዛል፣ ከዚያ ለግሩፑ ስሙን ይለቃል፣ ዋጋው በደቂቃዎች ውስጥ ጫፍ ነክቶ ይመለሳል። አንተ መልእክቱን አንብበህ እስክትገዛ እሱ እየሸጠልህ ነው። ይህ ነጅሽ ነው፤ ሳይፈልጉ ዋጋ ማናር፣ ፊቅህ ላይ ስም ያለው ክልክል ነው። የነጋዴ ልጅ ሆነህ ቅዳሜ ገበያ ላይ ደላላ እንዲህ ቢያደርግ ትሳደባለህ፤ ቴሌግራም ላይ ሲያደርግልህ ግን «ሲኞር» ትለዋለህ።

ኮርሱንም አንድ ነገር ልበል። «ይህ ስልት ባለፉት ሦስት ዓመታት ቢሠራበት ይህን ያህል ያተርፍ ነበር» እያሉ ቻርት ያሳዩሃል። ያለፈን ቻርት ከጨረሰ በኋላ አይቶ ስልት መሥራት ቀላል ነው። መቶ ስልት ሞክሮ የሠራውን አንዱን ማሳየት ይቻላል። ተመራማሪዎቹ ክሪፕቶ ላይ ያገኙት ነገር አለ፤ ሰሞኑን የወጣ ነገር ለጥቂት ጊዜ መውጣቱን የመቀጠል አዝማሚያ ታይቶበታል። ነገር ግን ያ የሚታየው በወረቀት፣ በብዙ ኮይን፣ በብዙ ዓመት አማካይ ነው፤ ኮሚሽኑን፣ መናወጡን፣ የሚዘጋብህን ሌቨሬጅ ስትቀንስበት ለአንድ ባለ 5,000 ብር ልጅ ምን እንደሚተርፍ ከላይ አስልተናል።

ጎንደር ላይ ሆነህ ስትነግድ ደግሞ በየትኛውም ጥናት ውስጥ የሌለ አደጋ አለብህ። በነሐሴ 2015 በክልላችን የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ለብዙ ወራት ጠፍቶ እንደቆየ አትረሳውም። ቦታ ከፍቶ የነበረ ሰው ዋይፋይ ያለበት ፍለጋ ሲሮጥ ገበያው አልጠበቀውም። መብራት ሲሄድስ? «ስቶፕ ሎስ አደርጋለሁ» ማለት ጥሩ ነው፤ ገበያው በአንዴ ሲዘል ግን ስቶፕ ሎስህ ባዘዝከው ዋጋ ሳይሆን ባገኘው ዋጋ ነው የሚሸጥልህ። ሕጉም አለ። ብሔራዊ ባንክ በሰኔ 2014 የክሪፕቶ ግብይት ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል። በፒ ቱ ፒ ዩኤስዲቲ ስትሸጥ የማታውቀው ሰው ብር ወደ ሒሳብህ ያስገባል። ያ ብር የተጭበረበረ ሰው ብር ከሆነ የሚታገደው የአንተ ሒሳብ፣ የሚጠራውም የአንተ ስም ነው፤ ያኔ «ከባይናንስ ነው የመጣው» ብለህ ለማን ታመለክታለህ?

እዚህ ላይ አንድ ትክክለኛ ክርክር አለና ልለፈው አልችልም። «ብር እየረከሰ ነው፤ ዩኤስዲቲ የያዝኩት ለትሬዲንግ ሳይሆን ገንዘቤን ለማዳን ነው» የሚል አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ከዚያም ቀጥሏል። የሰውየው ስጋት እውነተኛ ነው። ሆኖም ሁለት ነገር አስተውል። ዩኤስዲቲ የገዛኸው በባንክ ዋጋ አልነበረም፤ ቀድሞውንም በትይዩ ገበያው ዋጋ ነው የገዛኸው፤ ስለዚህ የባንኩ ዝላይ ሙሉ በሙሉ የአንተ ትርፍ አይደለም። ሁለተኛ፣ ብሩ በመርከሱ ያገኘኸውን ልዩነት የትሬዲንግ ችሎታህ ያመጣው አድርገህ አትቁጠረው። ብዙ «አትራፊ» ትሬደር በዶላር ሲሰላ ከሳሪ ነው፤ በብር ሲያወራው ነው አትራፊ የሚመስለው።

«እሺ፣ አክሲዮንስ?» ለሚለኝ። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 በይፋ ሥራ ጀምሯል። ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ነው፣ ገዳ ባንክ ተከተለ። ኢትዮ ቴሌኮም ከዚያ ቀደም ብሎ አንዱን አክሲዮን በ300 ብር ለሕዝብ አቅርቦ እስከ የካቲት 7 ቀን 2017 ድረስ ከ47,000 በላይ ሰዎች ወደ 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን ገዝተዋል፤ ዝቅተኛው 33 አክሲዮን፣ 9,900 ብር ነበር። እዚህ ያለው ፈተና ከክሪፕቶው ተቃራኒ ነው። ዋጋው አይዋዥቅም፤ ያ ማለት ግን አደጋ የለውም ማለት አይደለም። ገዢና ሻጭ በየዕለቱ ስለማይገናኙ ነው ዋጋው ቆሞ የሚታየው። የባንክ አክሲዮን ይዘው ቸግሯቸው ለመሸጥ ገዢ ያጡ ሰዎች በየሰፈራችን አሉ። ለእኛ ለሙስሊሞች ደግሞ ኩባንያው ራሱ በወለድ የሚሠራ ከሆነ የተለየ ጥያቄ ይነሳል። ገና ጅማሬ ላይ ያለ ገበያ ነውና የዕለት ንግድ ቻርት ለመሳል አይመችም፤ ዓመታዊ ሪፖርት ማንበብ ለሚችል ወጣት ግን ከአሁኑ መማር ያለበት ነገር ነው። የሒሳብ መዝገብ ማንበብ መማር የሻማ ቅርጾችን ስም ከመሸምደድ ይሻላል።

አሁን ወደ ሸሪዓው ልምጣ። ልጆቹ የሚጠይቁት «ቢትኮይን ሐላል ነው ሐራም?» ብለው ነው። በዚህ ላይ ዑለማዎች ተለያይተዋል። የግብፅ ዳር አል ኢፍታ ከልክሏል። የኢንዶኔዥያ የዑለማ ምክር ቤት በ2021 እንደ ገንዘብ መጠቀምን ከልክሏል። የማሌዥያ የካፒታል ገበያ ተቆጣጣሪ የሸሪዓ ምክር ቤት በ2020 በሁኔታዎች ፈቅዷል። ልጁ የፈለገውን መርጦ ይይዝና ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ግን ኮይኑ ቢፈቀድ እንኳ እሱ እያደረገ ያለው ኮይን መግዛት አይደለም። ፊውቸር ነው፤ የሌለውን በብድር መግዛት ነው። ስለ ፊውቸርና ኦፕሽን የዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ በ1992 ጅዳ ላይ፣ በብድር ስለሚደረገው የማርጂን ንግድ ደግሞ የመካው የፊቅህ ጉባኤ በ2006 ወስነዋል፤ ሁለቱም አልፈቀዱም። ይህ የተወሰነው ስለ አክሲዮን፣ ስለ ዕቃና ስለ ምንዛሪ ነው፤ ክሪፕቶ ስሙ ስለተለወጠ የውሉ መልክ አይለወጥም። ስለዚህ ኡስታዝህን ስትጠይቅ «ቢትኮይን እንዴት ነው?» አትበለው። «5,000 ብር አስይዤ የ100,000 ብር ቦታ እከፍታለሁ፣ በየስምንት ሰዓቱ ክፍያ ይቆረጣል፣ ኮይኑ እጄ አይገባም፣ ከወረደ ያስያዝኩትን ይወስዱታል» በለው። እንዲህ ተብሎ ለተጠየቀ ጥያቄ መልሱ ያን ያህል አያከራክርም።

ለኡስታዞቻችንም አንድ ቃል አለኝ፣ በአክብሮት። «ቁማር ነው» ማለት ብቻ ልጁን አያስቆመውም፤ እሱ ራሱን ቁማርተኛ አድርጎ አያይም፤ ሌሊት ቻርት ሲያጠና የሚያድር ትጉህ ተማሪ አድርጎ ነው የሚያየው። ትጋቱን አይተን፣ ስሌቱን አሳይተን፣ ከዚያ ሑክሙን ብንነግረው ይሰማናል። ከዩኒቨርሲቲው የኢኮኖሚክስ ወይም የሒሳብ አያያዝ ትምህርት ያላቸው ወንድሞች በየጀማዓችን አሉ። በመግሪብና በዒሻ መካከል አንድ ምሽት፣ ኡስታዙና እነሱ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ሰሌዳ ላይ እየጻፉ ቢያስረዱ ምን ይጎዳል? የልጁ ካፒታል የእቁብ ብር ነው፣ የእናት የአንገት ወርቅ ተሽጦ ነው፣ ሳዑዲ ያለች እህት የላከችው ነው። በሰው ቤት ደክማ ነው የላከችው።

አንተ ደግሞ እስከዚያው አንድ ሥራ ልስጥህ። የምትነግድበት መተግበሪያ ውስጥ ግባና ከጀመርክበት ቀን አንስቶ ያስገባኸውን ሁሉ፣ ያወጣኸውን ሁሉ የያዘውን ታሪክ አውርደው። ያስገባኸውን በአንድ ጎን፣ ያወጣኸውንና አሁን የቀረህን በሌላ ጎን ደምር። በብር ሳይሆን በዶላር። ያተረፍክባቸውን ቀናት ስክሪንሾት አትቁጠር፤ ሁለቱን ድምር ብቻ አስተያይ። ኮሚሽንና ፈንዲንግ የሚለውን ለብቻው ደምረህ ስንት እንደከፈልክ እይ። እጅህ ላይ ክፍት የፊውቸር ቦታ ካለ ከማስላትህ በፊት ዝጋው፤ በስሌቱ መሐል ስልኩን ደጋግመህ እንዳታየው። ወረቀቱን ለማንም ማሳየት የለብህም። የእህትህ ብር በውስጡ ካለበት ግን ለእሷ አሳያት።